ገቢ እንጂ ወጪ የሌለው

ካያኩን የገዛሁት ድንኳን መስሎኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነበር። ለሥራ መጥቶ ሁለት ዓመት ደሴ የኖረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የቤት ዕቃውን በረንዳው ላይ ደርድሮ ይሸጥ ነበር። መጋረጃ፣ መጥበሻ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ከጥግ ደግሞ አንድ ትልቅ ሰማያዊ ቦርሳ። ምንነቱን ብጠይቀው ቋንቋ አጠረውና እጆቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ አየሩን ወጋ ወጋ አደረገ። ካስማ የሚተክል መሰለኝ። ለልጆቼ የጓሮ ድንኳን ይሆናል ብዬ ከፍዬ ወሰድኩት። ቤት ገብተን ስንዘረጋው ከሦስት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በአየር የሚነፋ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ጀልባ ሆኖ ቁጭ አለ። ሰውዬው ለካ እየቀዘፈ ነበር።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ደጃፍ አልፎ ሳሎን በሚገባበት ሰፈር ነው። ዋና አልችልም ነበር፤ አሁንም በቅጡ አልችልም። ባለቤቴ «መልሰሽ ሽጪው» አለ። ገዢ አልተገኘም። ስድስት ወር ቁምሳጥን ላይ ከተቀመጠ በኋላ አንድ እሑድ፣ በእልህ ይሁን በቁጭት ለራሴም ሳይገባኝ፣ ቦርሳውን ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኜ ወደ ሐይቅ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱንና ክፉውን ጊዜ ሳይጨምር በወር አንድ ጊዜ ያህል እሄድ ነበር።

አሁን ኑሯችን ወደ አዲስ አበባ ዞሯል። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ቀን ተሂዶ የሚደረስበት መንገድ። ይህም ስንብት ሆኖ ይጻፋል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ከእኛ ሰፈር ብቻ ቤሩትና ጅዳ የሄዱትን ሴቶች ልቁጠር ብል ጣቶቼ አይበቁኝም፤ እነሱ ሲሄዱ ማንም ሐይቅ ወርዶ የመሰናበቻ ጊዜ አልሰጣቸውም፤ ሻንጣቸውን ይዘው በሌሊት ነው የወጡት። እኔ ግን አንድ እሑድ ተርፎኝ ነበር። የት እንደማውለው ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ስለ ሐይቁ ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ስሙ ራሱ ያስቸግራል። «ሐይቅ» ነው የሚባለው። ልጅ ወልዶ ስሙን «ልጅ» ብሎ እንደ ማውጣት ነው። ሎጎ የሚል የጥንት ስም ነበረው፤ ዛሬ ግን ሐይቁም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ፣ ገዳሙም ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከደቡብ ምሥራቅ ከፍ ብሎ ታናሽ ወንድሙ አርዲቦ ሐይቅ አለ፤ ከእሱ በኩል ወንዝ ይወርድለታል፤ በክረምት ከየተራራው ጎርፍ ይገባለታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። አንድም።

ይህ ነገር በሙያዬ የተነሳ ሰላም ነስቶኛል። ገቢ እንጂ ወጪ የሌለው መዝገብ አይቼ አላውቅም፤ ባይ እንኳ አላምነውም፣ ኦዲተር እጠራለሁ። መልሱን ሳገኘው ሳቄ መጣ፦ ትነት ነው። ፀሐይና ነፋስ በየቀኑ ያነሳሉ፤ በምድር ውስጥ የሚሰርገውም ይኖራል። በእኛ ቋንቋ የእርጅና ቅናሽ የምንለው ዓይነት ነው። ማንም ከኪሱ አውጥቶ የማይከፍለው፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ነገር ግን መዝገቡ ላይ የሚታይ ወጪ።

አያቴ ግን ሌላ አመጣጥ ነበር የምትነግረን። የእናቴ ወገን እስላም፣ የአባቴ ክርስቲያን ነው፤ በወሎ ይህ ማብራሪያ አይፈልግም። ታሪኩን ከሁለቱም ወገን ሰምቼዋለሁ፤ እኩል ነው የሚያወሩት። በድሮ ዘመን አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ትበደላለች። ድሃዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ፈጣሪ ይቆጣና ዙሪያውን ያለውን አገር ከነልዕልቲቱ፣ ከነዘመዶቿ ውሃ ያደርገዋል። የተበደለችው ሴት የተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት ብቻ ትቀራለች። ያቺ ቁራሽ ዛሬ ገዳሙ ያለባት ናት። አያቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ረከቦቱን አስተካክላ «ከዚያማ ሴት ተቀምጣ ባዳነችው መሬት ሴት አትግባ ተባለ» ትልና ሁለተኛውን ቡና ትቀዳለች። ቅሬታ ይሁን ቀልድ ከፊቷ ማንበብ አይቻልም ነበር።

ገዳሙ የወንዶች ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በአንድ በኩል ከየብስ ተገናኝቷል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም መጥተው የተማሩበት ስፍራ ነው። ልጆች ሳለን አባቴ ወንድሜን ይዞ ገባ፤ እኔና እናቴ ከውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሎ እየበላን ቀረን። አባቴ መንገድ ላይ የገዳሙ አበምኔት በጥንት ዘመን በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» ተብሎ ይጠራ እንደነበር ነግሮን ነበር። የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ወንድሜ ሲወጣ ፊቱ እያበራ፣ ቤት የሚያክል ሰዓት ማየቱን፣ ቆጣሪው ላይ መነኩሴ ቁጭ ብሎ እንደሚያዞረው ነገረኝ። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ እኔ ሰባት። ያንን ሰዓት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አምኜበታለሁ።

በካያኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዳሙን ጀርባ ከውሃ በኩል ሳይ 33 ዓመቴ ነበር። ከዳር ራቅ ብዬ፣ የደንገሉን ጫፍ ሳልሻገር ቆምኩ። ጥቅጥቅ ያለ የአገር ዛፍ፤ እስከ ውሃው የሚወርድ ድንጋይ፤ ድንጋዩ ላይ አንድ ወጣት ዲያቆን ልብሱን እያጠበ። ሳሙናው አረፋ እየሠራ ወደ እኔ ተንሳፈፈ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደነገጠ፤ ከዚያ የጨመቀውን ነጠላ ወደ ላይ አንስቶ አወዛወዘልኝ። ማታ ለወንድሜ ደውዬ «ሰዓቱ የለም» አልኩት። «ለጥገና ወስደውት ነው» አለኝ።

የልጥፏን ነገር ደግሞ ካልነገርኩ የመጨረሻው ቀን አይገባችሁም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማውን ለቀን ወጣን። በታኅሣሥ ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፤ ፍራሹ የለም፤ የልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ሳይቀር የለም። ማን እንደወሰደው አላውቅም። ካያኩ ግን ጓሮ ውስጥ ተዘርግቶ ተገኘ። አንድ ሰው ከቦርሳው አውጥቶ፣ አገላብጦ፣ ምንነቱ ግራ ሲገባው በስለት ወጋ አድርጎ ትቶት ሄዷል። ከቤቴ ዕቃ ሁሉ ዘራፊ የናቀው እሱን ብቻ ነው።

ቀዳዳው የአውራ ጣቴን ርዝመት ያህል ነበር። ጎሚስታ ቤት ወሰድኩት። ልጁ አንዴ ዕቃውን አንዴ እኔን አየና ሳይናገር ሥራውን ጀመረ። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ በቤንዚን ጨርቅ ጠረገ፤ ከአሮጌ ካላማዳርያ ላይ ክብ አድርጎ በመቀስ ቆረጠ፤ ሁለቱንም ወገን ማስቲሽ ቀባና «እስኪደርቅ ሻይ ጠጪ» አለኝ። ስመለስ ለጥፎ በመዶሻ እየቀጠቀጠው ነበር፤ ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር፣ ዳቦ ሊጥ እንደሚያስተካክል ሰው። ከዚያ የአየር ቱቦውን ይዞ ከልቡ ጠየቀኝ፦ «በስንት ልንፋው? የፊት ነው የኋላ?» ሦስት ዓመት በዚያች ጥቁር ክብ ልጥፍ ላይ ተንሳፍፌአለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጠርዟ በአንድ በኩል መነሳት ጀምሮ ነበር፤ ጥፍር የሚያስገባ ያህል። አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩት። መልቀቂያ ያስገባ ሠራተኛ የቢሮውን ወንበር አያስጠግንም።

የመጨረሻው እሑድ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ አዛኑ ከወዲህ፣ ቅዳሴው ከወዲያ እየተሰማ፣ መናኸሪያ ደረስኩ። ረዳቱ ቦርሳዬን ያውቀዋል፤ «ሬሳው መጣ» ይላል ሁልጊዜ፤ ሂሳቡም የአንድ ሰው ነው። ሾፌሩ መንዙማ ከፍቶ ጀመረና ቁልቁለቱን ስንይዝ ወደ መሰንቆ ለወጠው፤ አምባሰል ነበር። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የእኛ አገር ቦታዎች ስም ናቸው። ሌላው ሕዝብ ለተራራው ስም ያወጣል፤ የእኛ ሰው በዚያው ስም የሚያለቅስበት ዜማም ይሠራል። ዕድሜ ለጠዋቱ ብርድ፣ ዓይኔ ያለቀሰው በነፋስ ነው ብዬ ለማለፍ ተመቸኝ።

ከደሴ ብርድ 600 ሜትር ያህል ወርዶ ሐይቅ ዳር መድረስ ካፖርት እንደ ማውለቅ ነው። ማሽላው ደርሷል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ያጮሃሉ፤ ጯ! ሲል የወፍ መንጋ ከአንዱ ማሳ ተነስቶ በሌላው ላይ ይፈሳል፤ እዚያ ያለው ልጅ ደግሞ ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ወፍ ይቀባበላሉ።

አሳ አጥማጁ ሽማግሌ መረባቸውን እየፈቱ አገኘኋቸው። አያ ነው የምላቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ካያኩን «ፊኛው» ብለው ስም ካወጡለት ቀን ጀምሮ፣ እኔ ውሃ ላይ ሳለሁ እሳቸው ወይ ውሃ ላይ ናቸው ወይ ዳር ሆነው ያዩኛል። አስጠብቁኝ ብዬ አላውቅም፤ ጠባቂሽ ነኝ ብለውም አያውቁም።

«ዛሬ መሀሉ ድረስ እገባለሁ» አልኳቸው።

«መሀል ምን አለ?»

«እኔ እንጃ። አይቼው አላውቅም።»

«እኔም ይኸው አርባ ዓመቴ፣ ምንም አላየሁበት። ዓሣው እንኳ ዳር ዳሩን ነው የሚወደው» አሉና መረቡን ታንኳቸው ውስጥ ጣሉት። «በይ ቅደሚ። ከኋላሽ ነኝ።»

እውነቴን ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ መሀሉን ረግጬው አላውቅም። ዋና የማይችል ሰው የሐይቅ ፍቅሩ ዳር ዳር ነው። ከደንገሉና ከፊላው ጋር ተጠግቼ፣ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዓሣ አዳኝ ወፍ አንድ ቦታ ላይ ክንፉን እያርገበገበ ቆሞ እንደ ድንጋይ ሲወድቅ እያየሁ፣ መሬት በእጅ በሚነካ ርቀት ነው የኖርኩት። ካያክን የፈለሰፉት በሰሜን ዋልታ በረዶ ውስጥ የሚኖሩ የኢኑይት ሰዎች ናቸው፤ በእንጨት ወይም በአጥንት ማገር ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው፣ አደን የሚወጡበት ነው። እነሱ በዚያ ውርጭ ውስጥ የሠሩትን እኔ የማሽላ ጠባቂ ልጆች እያዩኝ ቄጠማ ለቄጠማ ስጎትተው ኖርኩ። ለስንብት እንኳ አንድ ጊዜ በወጉ ልቅዘፍ ብዬ ነው።

አንድ ሰዓት ቀዘፍኩ። ጉሙ ከውሃው ላይ እየተነሳ ነበር። መጀመሪያ ታችኛው ቄጠማ ጠፋ፤ ከዚያ ውሃው ከአረንጓዴነት ወደ ጥቁረት ሄደ፤ ከዚያ የመቅዘፊያዬ ድምፅ ብቻ ቀረ። ቆምኩ። የካያኩ ወለል ለስላሳ ነው፤ ከሥር ውሃው ሲነሳና ሲወርድ በመቀመጫዬ ይሰማኛል፤ ከእኔና ከ80 ሜትር ጥልቀት መካከል ያለው አንድ ጣት የማይሞላ አየር መሆኑን ሰውነቴ ከአእምሮዬ ቀድሞ አወቀው። እግሬ ደነዘዘ። ትልቅ ነገር አስባለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። አባቴን፣ ያንን የጥቅምት ጉዞ፣ አያቴን። ያሰብኩት ግን የልጄን የትምህርት ቤት መሸኛ ደብዳቤ ማኅተም ማስመታት መርሳቴን ነው።

አያ ልክ ናቸው፤ መሀል ላይ ምንም የለም። ዞሬ ሳይ ሁሉም ነገር ዳር ላይ ነው። የገዳሙ ዛፎች አንድ እፍኝ ጎመን አክለዋል። የከተማው ቆርቆሮ ሁለት ሦስት ቦታ ያብለጨልጫል። በስተሰሜን የአምባሰል ተራሮች ሰማያዊ ሆነው ተደርድረዋል። የወንጭፉ ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ፤ ወፎቹ ከተነሱ በኋላ። ለወትሮው ስጠጋው በዝርዝር የማየውን አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ በመዳፌ መሸፈን ቻልኩ፤ ሸፈንኩትም፤ መልሼ ደግሞ ገለጥኩት።

ያኔ ነው «ፍስስ» የሚል የሰማሁት።

ልጥፏ ናት። ከተነሳው ጠርዝ ሥር ቀጭን የአረፋ ሰንሰለት እየወጣ ነበር፤ ልክ እንደ ለስላሳ መጠጥ። አውራ ጣቴን ጫንኩበት፤ በአንድ እጅ ደግሞ ካያክ አይቀዘፍም፤ ክብ ነው የሚዞረው። ሁለት ጊዜ ከዞርኩ በኋላ አያ አጠገቤ ደረሱ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ አልነበረም፤ አንድ ቀን እንደሚሆን ያወቁት ነገር ነው የመጣው። «አብሽሪ ልጄ፤ ጣትሽን ብቻ አታንሺ» አሉና ከመረባቸው ገመድ ፈተው አሰሩኝ። ታላቁ ስንብቴ ተጎትቶ ተጠናቀቀ። ሕይወት አድን ጃኬት ለብሼ፣ አውራ ጣቴን ጎሚስታው በሠራው ልጥፍ ላይ ጭኜ፣ እንደ እምቢተኛ በግ ከኋላ እየተሳብኩ።

መንገድ ላይ መረባቸውን ማውጣት ነበረባቸው፤ ለእኔ ብለው አላለፉትም። ይህ ደስ አለኝ። ስድስት ቆሮሶ ነበር የያዙት፤ አንዱን ከመረቡ ሲያላቅቁ ጉሮሮው በእጃቸው ላይ ይከፈትና ይዘጋ ነበር፤ ክንፉ ጫፍ ላይ ቀላ ያለ። «ይኼ የእኛ አይደለም» አሉኝ፤ «የእኛ አምባዛው ነው። ይኼን በደርግ ጊዜ ነው አምጥተው የጨመሩት። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ውሃው እንዲህ አልነበረም፤ ድንጋዩ ከሥር ይታይ ነበር።» ያሉት ትክክል ነው። ሐይቁን በጣሊያን ወረራ ዘመን ያጠኑ ሰዎች የጻፉት ጥራትና ዛሬ የሚለካው አይገናኝም። ቆሮሶው ውሃውን ያጠሩ የነበሩትን ደቃቅ ነፍሳት በላ፤ አረንጓዴው አልጌ በዛ፤ ከተራቆተው ተራራ የሚታጠበው አፈርም ታከለበት። ከዚህ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም ብያለሁ፤ የገባው ሁሉ እዚያው ነው። ደግሞም ዓሣው ስንቱን ቤት አብልቷል፤ አያም ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ «የእኛ ባልሆነው» ነው። ይህን ሒሳብ እኔ አልዘጋውም።

ዳር ስንደርስ ያሰብኩትን ተናገርኩ። ካያኩን ለእሳቸው ልተውላቸው ነበር የፈለግኩት፤ ልጥፏን አስጠግኜ። ሳምንቱን ሙሉ ይህን ንግግር ስለማመድ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ያደርግልኛል፣ እዚህ ግን የልጅ ልጆችዎ፣ ምናምን። እስክጨርስ ሰሙኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይሆንም፤ ይዘሽው ሂጂ።»

«ምነው አያ?»

«ፊኛው እዚህ ከቀረ ልጆቹ መሀል ይገቡበታል።»

ሌላ አልጨመሩም። ስጦታዬን በሁለት ቃል አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። አየሩን አብረን አወጣን፤ እሳቸው በጉልበታቸው እየተጫኑ፣ እኔ ከጫፉ እየጠቀለልኩ። ማድረቅ ይገባኝ ነበር፤ የሰባት ሰዓቱ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ስል ግን እንደ ረጠበ ጠቀለልኩት። ስድስቱንም ቆሮሶ በጉሮሯቸው በደንገል ሰንጥቅ ሰክተው አንጠለጠሉልኝ። ብር ላወጣ ስል በቁጣ አዩኝ። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ «አላህ በሰላም ያግባሽ፤ ከክፉ ሰው ይሰውርሽ፤ ውሃ አያሳጣሽ።» እኔም አሚን አልኩ። በደሴ መንገድ ዓሣው ይሸታል ብሎ ረዳቱ ተጨቃጨቀኝና ሁለቱን ሰጥቼው ታረቅን።

የአዲስ አበባው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕቃ የጫነው አይሱዙ ከደረሰ በሦስተኛው ቀን ቦርሳው ትዝ አለኝ። ሳይሻግት ላድርቀው ብዬ በረንዳው ብረት ላይ ዘረጋሁት። ከእጥፋቱ ውስጥ የደረቀ የፊላ ቅጠል ወደቀ፤ ሁለት የዓሣ ቅርፊት፤ ከዚያ ከአፍንጫው በኩል፣ አለ ብዬ ያላሰብኩት ውሃ፣ አረንጓዴ ውሃ፣ ከአንድ ጣሳ የማያንስ፣ በቀስታ መፍሰስ ጀመረ። እጄን ዘርግቼ ላቆመው ስል ከታች፣ ከሦስተኛው ፎቅ፣ አንዲት ሴት ድምፅ መጣ።

«ከላይ ውሃ የሚያፈሰው ማነው? ልብስ አስጥቻለሁ እኮ!»